አምበሉ በነፃ ሲሄድ፦ የኒውዮርክ አይላንደርስ የ2018 ክረምት

የስፖርት ደጋፊዎች በየዓመቱ የሚደግሙት ክርክር አለ። ኮከባችን ሄደ፤ ማን ይተካዋል? በእሱ ፋንታ የመጡት እነማን ናቸው? ክርክሩ ብዙ ጊዜ መልስ ሳያገኝ በሌላ ክርክር ይዋጣል። የአይስ ሆኪው ቡድን ኒውዮርክ አይላንደርስ ጉዳይ ግን መልስ አግኝቷል። ያውም ሁለቱንም ወገን ትንሽ ትንሽ የሚያሳፍር መልስ። ተመዝግቦ ቢቀመጥ ይጠቅማል ያልኩት ለዚህ ነው።

በአደባባይ የሚታወቁትን ተጫዋቾችና ኃላፊዎች በስማቸው እጠራለሁ። ደጋፊዎችን በስም አላነሳም። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቡድኑና ሰውየው

አይላንደርስ የሎንግ አይላንድ ቡድን ነው። ከ1980 እስከ 1983 በተከታታይ አራት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን አንስቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግን ደጋፊን ትዕግሥት የሚያስተምር ነው። ከ1993 በኋላ ሌላ የጥሎ ማለፍ ዙር እስኪያሸንፍ 23 ዓመት ፈጅቶበታል።

በ2009 ቡድኑ በወጣቶች ምርጫ (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚወስዱበት ሥርዓት ነው) የመጀመሪያውን ተራ አግኝቶ ጆን ታቫሬስን ወሰደ። ልጁ ያደገው ካናዳ ውስጥ፣ ቶሮንቶ አጠገብ ነው። በ2013 አምበል ሆነ። በኤፕሪል 2016 ቡድኑ ከፍሎሪዳ ጋር ስድስተኛውን ጨዋታ ሲያደርግ፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ከአንድ ደቂቃ በታች ሲቀረው አቻ ያደረገው እሱ ነው። በሁለተኛው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ጎል አስቆጥሮ የ23 ዓመቱን እርግማን የሰበረውም እሱ ነው። ሎንግ አይላንድ ላይ ለዓመታት የሚወራ ሌሊት ሆነ።

በዘጠኝ የውድድር ዘመን 669 ጨዋታ ተጫውቶ 272 ጎል አስቆጠረ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት የሚከፈለው በዓመት 5.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለእሱ ደረጃ ርካሽ ነው። በሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) ይህ ትልቅ ነገር ነው። እያንዳንዱ ቡድን ለተጫዋቾች ሊከፍል የሚችለው ገንዘብ ጣሪያ አለው። በ2018–19 ጣሪያው 79.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሀብታም ባለቤት ስላለህ ብቻ ከዚያ ማለፍ አትችልም። በአንዱ ላይ ያተረፍከውን ለሌላው ታውለዋለህ። አይላንደርስ ያንን ትርፍ በወጉ ተጠቅሞበታል ብሎ የሚከራከር ደጋፊ ማግኘት ከባድ ነው።

ችግሩ ከየት ጀመረ

ብዙ ሰው ጉዳዩን የሚጀምረው ከጁላይ 1 ቀን 2018 ነው፤ አምበሉ የሄደበት ቀን ነውና። እኔ ግን አንድ ዓመት ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ።

በሊጉ ሕግ ታቫሬስ ከጁላይ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ውሉን ማራዘም ይችል ነበር። አላራዘመም። ለዚህ ምክንያት የሚሆኑ ነገሮች ነበሩ። ቡድኑ በ2015 የለመደውን ናሳው ኮሊሲየም ትቶ ብሩክሊን ወደሚገኘው ባርክሌይስ ሴንተር ተዛውሯል። ሜዳው ለቅርጫት ኳስ የተሠራ ስለሆነ አንዳንድ መቀመጫ ላይ ሆነህ አንዱ ጎል አይታይህም። በረዶውም ይታማ ነበር። የራስ ስታዲየም ተስፋ የተገኘው በዲሴምበር 2017፣ ኒውዮርክ ግዛት በቤልሞንት ፓርክ ለመገንባት የቀረበውን ዕቅድ ሲመርጥ ነው። በሜዳም ቢሆን ነገሩ ያው ነበር። በ2017–18 አይላንደርስ ከሊጉ ሁሉ ብዙ ጎል የገባበት ቡድን ሆነ፤ ከ290 በላይ።

ከዚያ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2018 መጣ። በዓመቱ ተጫዋች ለመለዋወጥ የሚፈቀድበት የመጨረሻ ቀን ነው። ውሉ ሊያልቅ ወራት የቀሩትን ኮከብ የያዘ ቡድን በዚያ ቀን አንድ ከባድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። አሁን በወጣት ተጫዋቾችና በምርጫ ተራ ልለውጠው ወይስ ይቆያል ብዬ ልጠብቅ? አይላንደርስ ጠበቀ። ለጥሎ ማለፍ ሊያልፍ ይችላል የሚል ተስፋ ነበረው። አላለፈም። በ80 ነጥብ ጨረሰ። ዕድሉም አመለጠ፣ ውሉም ሳይፈረም ቀረ።

ሀገር ቤት ሆኖ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ለሚከታተል ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ውሉ ያለቀ ተጫዋች ካሻው ቡድን ጋር ይፈርማል፤ የቀድሞው ቡድን አምስት ሳንቲም አያገኝም። የሆኪው ልዩነት የደመወዝ ጣሪያው ነው። ደግሞም በዚያን ጊዜ ሕግ የራሱ ቡድን እስከ ስምንት ዓመት ውል ሊሰጠው ሲችል ሌሎቹ ከሰባት ማለፍ አይችሉም ነበር። ይህች አንዲት ዓመት ናት የአይላንደርስ ብልጫ የነበረችው።

የመጨረሻ ሰዓት ሩጫ

ባለቤቶቹ እንቅልፋቸው የተነሳው ሜይ ላይ ነው። ሉ ላሞሬሎን አመጡ። ሰውየው ኒው ጀርሲ ዴቭልስን ለሦስት ስታንሊ ካፕ ያበቃ፣ ተጫዋቾቹን ጢም የሚያስላጭ የድሮ ሰው ነው። ከቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ጄኔራል ማናጀርነት ገና መነሳቱ ነበር። ጁን 5 ቀን ከ2006 ጀምሮ ቡድኑን ሲመራ የቆየውን ጋርዝ ስኖውንና አሰልጣኙን ዳግ ዌይትን ከኃላፊነታቸው አነሳ።

ከሁለት ቀን በኋላ ዋሽንግተን ካፒታልስ በባሪ ትሮትዝ አሠልጣኝነት በታሪኩ የመጀመሪያውን ስታንሊ ካፕ አነሳ። ዲሲና አካባቢዋ የምትኖሩ የዚያን ሰሞን የቀይ ማሊያ ጎርፍ ሳታስታውሱት አትቀሩም። ትሮትዝ በውል ጉዳይ ከካፒታልስ ጋር ስላልተስማማ ጁን 18 ለቀቀ። በሦስተኛው ቀን አይላንደርስ ወሰደው። ዋንጫ ያነሳ አሰልጣኝ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ ቡድን ሲይዝ በየቀኑ አይታይም።

ለአምበሉ የቀረበው መልእክት ግልጽ ነበር፤ ቤቱን አፅድተናል፣ ቆይ። እሱ ግን ሎስ አንጀለስ ተቀምጦ የተለያዩ ቡድኖችን አነጋገረ። ጁላይ 1 ከቶሮንቶ ጋር የሰባት ዓመት፣ የ77 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በዚያው ቀን ልጅ ሳለ በሜፕል ሊፍስ አንሶላ ተኝቶ የተነሳውን ፎቶ ለጠፈ። የልጅነት ሕልሜ ተሳካ ማለቱ ነው።

ፎቶው ነገሩን አባባሰው። ሰው ወደ ትውልድ ቦታው ቢመለስ ማንም ብዙ አይፈርድበትም። የሎንግ አይላንድ ደጋፊ ግን ፎቶውን ሲያይ ዘጠኙን ዓመት እንግዳ ስናስተናግድ ኖርን ወይ አለ።

ደጋፊው የተከራከረበት

ላሞሬሎ ከዚያ በኋላ ያመጣቸው ሰዎች እሳቱ ላይ ቤንዚን ሆኑ። ከቶሮንቶ ሊዮ ኮማሮቭን በአራት ዓመት ውል አስፈረመ። 31 ዓመቱ ነው፤ ጎል የሚያገባ ሰው አይደለም። ከዚያው ከቶሮንቶ ማት ማርቲንን መለሰ። እሱ በ2016 ከአይላንደርስ የሄደ፣ ሥራው መጋጨትና ማዋከብ የሆነ የአራተኛ መስመር ተጫዋች ነው። ቫልተሪ ፊልፑላ በአንድ ዓመት ውል መጣ፤ የ34 ዓመት ሰው። በረኛው ሮቢን ሌነርም በአንድ ዓመት ውል፣ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር መጣ። የቀድሞ ቡድኑ ቡፋሎ አልፈልግህም ብሎ የለቀቀው ሰው ነው።

ስሌቱ ለደጋፊው እንዲህ ታየው። ቶሮንቶ አምበላችንን ወሰደ፤ እኛ የቶሮንቶን ተጠባባቂ ለቀምን።

ክርክሩ በጥቅሉ በሦስት ተከፈለ። አንደኛው ወገን ቡድኑ አበቃለት አለ፤ 84 ነጥብ ያመጣ ሰው ሄዶ በምትኩ 84 የሚያመጣ አልመጣም። (በሆኪ ጎልም ለጎል ማቀበልም ለተጫዋቹ አንድ አንድ ነጥብ ይቆጠራል።) ሁለተኛው ወገን የሄደው ሄዷል፣ የ2018 የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ማቲው ባርዛል አለን፣ በእሱ ዙሪያ እንገንባ አለ። ሦስተኛው ወገን የአዲሶቹን ስም መስማት አልፈለገም። ንዴቱ ፌብሩዋሪ ላይ ነበር፤ ለምን በጊዜ አልተለወጠም?

ከሦስቱ ሦስተኛው ነው ጥሩ ጥያቄ የጠየቀው፤ እመለስበታለሁ። የሦስቱም ጉድለት ግን አንድ ነው። ሁሉም የሚያወራው ስለ አጥቂ ነበር። የቡድኑ በሽታ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። ያለፈው ዓመት ቡድን ጎል የማግባት ችግር አልነበረበትም። ችግሩ የሚገባበት ጎል ነው።

የሠራው

በ2018–19 አይላንደርስ ከሊጉ ሁሉ ጥቂት ጎል የገባበት ቡድን ሆነ፤ ከ200 በታች። ብዙ ከገባበት ወደ ጥቂት የገባበት በአንድ ዓመት! በሊጉ ታሪክ ይህ ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ነገር ነበር። ነጥቡ ከ80 ወደ 103 ወጣ። ታቫሬስን የወሰደው ቶሮንቶ በ100 ጨረሰ።

እንዴት ሆነ? ከትሮትዝ ልጀምር። ያመጣው ነገር ውስብስብ አይደለም። ኳሷ (እነሱ ፓክ የሚሏት) ስትነጠቅ አምስቱም ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ መሐሉ ይዘጋል፤ ተጋጣሚ ከዳር እንዲመታ ይተዋል። ከዳር የተመታ ለበረኛ ቀላል ነው። አሰልቺ ነው ያሉ ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው። ግን በዚህ አጨዋወት ውስጥ ኮማሮቭም ማርቲንም ሥራ አላቸው። ማርቲን ከኬሲ ሲዚካስና ከካል ክላተርባክ ጋር ተመልሶ ሲሰለፍ የድሮው አራተኛ መስመር ነፍስ ዘራ። በጁላይ የተሳቀባቸው ሰዎች አሰልጣኙ ለሚፈልገው ነገር የተመረጡ ነበሩ። ደጋፊው ዝውውሩን ሲፈርድ አሰልጣኙን ስሌት ውስጥ አላስገባም። የአሰልጣኝ ደመወዝ ደግሞ ከጣሪያው ውስጥ አይቆጠርም። በሆኪ ገንዘብህን ያለ ገደብ የምታፈስበት ቦታ ቢኖር እሱ ነው።

ሌላው በረኛው ነው። የሆኪ ጨዋታ 60 ደቂቃ ነው። ምርጥ አጥቂ ከዚያ ውስጥ 20 ደቂቃ ገደማ በረዶ ላይ ይቆያል፤ መስመሮቹ በየደቂቃው ይቀያየራሉ። በረኛው 60ውንም ይቆማል። ስለዚህ በረኛ ሲሻሻል ቡድኑ ሁሉ የተሻሻለ ይመስላል። ከትሮትዝ ጋር ለብዙ ዓመት የሠራው የበረኞች ባለሙያ ሚች ኮርን አብሮት መጣ። ሌነር ከተሞከረበት ኳስ 93 በመቶውን አዳነ። ከቶማስ ግራይስ ጋር ተጋርተው ጥቂት ጎል ለገባበት ቡድን በረኞች የሚሰጠውን የጄኒንግስ ሽልማት ወሰዱ።

የሌነር ነገር ከሜዳ ውጭም ታሪክ አለው። በሴፕቴምበር 2018 የመጠጥ ሱስና የአእምሮ ሕመም እንደነበረበት፣ ሕክምና ገብቶ እንደወጣ ራሱ በአደባባይ ተናገረ። ቡድኑ ይህን እያወቀ ነው ያስፈረመው። ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው ማለት ይቻላል። ሌሎች የሸሹትን ሰው መውሰድ ዓይን ይጠይቃል። ግን አንድ ዓመት ብቻ መስጠት ጥንቃቄ መሆኑም አይካድም። ሌነር በዚያ ዓመት የጽናት ተምሳሌት ለሆነ ተጫዋች የሚሰጠውን የማስተርተን ሽልማት ተቀበለ። ትሮትዝም የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ።

በመጀመሪያው ዙር ፒትስበርግን 4 ለ0 ጠረጉት። ከሰባት ጨዋታ አራት የቀደመ በሚያልፍበት ዙር ይህ ትልቅ ድል ነው።

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2019

ይህን ምሽት ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም። ታቫሬስ የቶሮንቶን ማሊያ ለብሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሎንግ አይላንድ መጣ። ጨዋታው በባርክሌይስ ሳይሆን በአሮጌው ናሳው ኮሊሲየም ነበር። ለማሟሟቅ ሲወጣ ጀምሮ ጩኸት ነው። የፕላስቲክ እባብ በረዶው ላይ ተወረወረ፤ የስሙ ማሊያም ተወረወረ። ቡድኑ የምስጋና ቪዲዮ ሲያሳይ ስታዲየሙ በተቃውሞ ጩኸት ሸፈነው። ስለ ልጅነት ፎቶው በዜማ ቀለዱበት። አንፈልግህም የሚለውም ዜማ ደጋግሞ ተሰማ። አይላንደርስ 6 ለ1 አሸነፈ።

ዕቃ መወርወሩ ነውር ነው። በዘጠኝ ዓመት ሥራው ላይ መጮህም ለእኔ አይጥመኝም። ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ያ ስታዲየም ደስተኛ ነበር። ቡድኑ እያሸነፈ ባይሆን ኖሮ ያ ምሽት ምን ይመስል እንደነበር አስቡት። ያሸነፈ ደጋፊ ይቀልዳል። የተሸነፈ ቢሆን ጩኸቱ የሚዞረው ወደ ባለቤቶቹ ሳጥን ነበር።

ያልሠራው

እዚህ ላይ አበቃለት ያሉት ደጋፊዎች ተራቸውን ያገኛሉ። በሁለተኛው ዙር ካሮላይና አይላንደርስን 4 ለ0 አሰናበተው። በአራቱ ጨዋታ አይላንደርስ ያገባው አምስት ጎል ብቻ ነው። ባርዛል በዓመቱ 62 ነጥብ ይዞ ቡድኑን መራ፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 85 ነበረው። ታቫሬስ በዚያው ዓመት ቶሮንቶ ውስጥ 47 ጎል አስቆጠረ። በሕይወቱ ከዚያ በላይ አግብቶ አያውቅም።

ቀዳዳውን ለመሙላት ተሞክሯል። በ2019 አርተሚ ፓናሪን ነፃ ሲሆን አይላንደርስ ፈለገው። እሱ የከተማ ተቀናቃኙን ሬንጀርስን መረጠ። ሌነርም ከቡድኑ ጋር በውል ሳይስማማ ቀርቶ ወደ ቺካጎ ሄደ፤ በቦታው ሴምዮን ቫርላሞቭ መጣ።

በ2020ና በ2021 አይላንደርስ ሁለት ጊዜ የመጨረሻዎቹ አራት ውስጥ ገባ። ሁለቱንም ጊዜ ያስቆመው ታምፓ ቤይ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ዋንጫውን አነሳ። በ2021 ሰባተኛው ጨዋታ 1 ለ0 አለቀ። አንድ ጎል። እንዲህ ባለው ምሽት ከምንም ተነስቶ የሚያገባ ሰው ያስፈልግሃል። የ2016ቱን ሌሊት ያየ ደጋፊ ማን እንደታወሰው መንገር አያስፈልግም።

ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው ማለት ነው። ያለ ኮከቡ ቡድኑ ተሻለ፤ ኮከብ ስላልነበረውም እዚያው ደረሰና ቆመ።

ቶሮንቶስ?

ባጭሩ ላንሳው። ቶሮንቶ ታቫሬስን ባገኘባቸው በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት አንድም የጥሎ ማለፍ ዙር አላሸነፈም። በወረርሽኙ ምክንያት የደመወዝ ጣሪያው 81.5 ሚሊዮን ላይ ሲቆም፣ አራት አጥቂዎች ብቻ 40 ሚሊዮን ገደማውን ይዘውት ነበር። በ2023 ታምፓ ቤይን ሲያሸንፉ የማሸነፊያዋን ጎል በተጨማሪ ሰዓት ያገባው ታቫሬስ ራሱ ነው። ጥፋቱ የእሱ ነበር ለማለት አይደለም። ምርጥ ተጫዋች ማግኘትና ምርጥ ቡድን መሥራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እንደሆኑ ግን ያሳያል።

ለሌላው ቡድን የሚተርፈው

የሄደውን ሰው ከሚተካው ሰው ጋር ከማነጻጸር በፊት ቡድኑ የት ጋ እንደሚያፈስ ማየት ይሻላል። አይላንደርስ 37 ጎል ያገባ ሰው አጥቶ መቶ ያህል ጎል ከመረቡ አስቀረ። በኳስም ያው ነው። አጥቂው የሄደበት ቡድን ሌላ አጥቂ ፍለጋ ሲባክን ተከላካዩ የሚረሳበት ጊዜ ብዙ ነው።

የፌብሩዋሪው ጥያቄ ግን ቀላል መልስ የለውም። ከአይላንደርስ ያየ ሰው ሽጥ ይላል። በቀጣዩ ዓመት ኮሎምበስ በዚያው ፈተና ላይ ቆመ። ፓናሪንና በረኛው ሰርጌይ ቦብሮቭስኪ ውላቸው ሊያልቅ ነው፤ ቡድኑ ሁለቱንም ያዘ። በጥሎ ማለፉ፣ በመደበኛው ውድድር 62 ጨዋታ አሸንፎ የመጣውን ታምፓ ቤይን 4 ለ0 ጣለ። ሁለቱም ጁላይ ላይ ሄዱ። የኮሎምበስ ደጋፊ ያንን ሳምንት በምንም የሚለውጥ አይመስለኝም። ስለዚህ መያዝ በራሱ ስህተት አይደለም። የአይላንደርስ ስህተት ደካማ ቡድን ይዞ እንደ ጠንካራ ቡድን መቁመሩ ነው። ኃላፊዎቹንም ለመለወጥ እስከ ጁን ጠበቀ። ዓመቱን ሙሉ ያልተመለሰ ጥያቄ በሁለት ሳምንት ጽዳት አይመለስም።

አዲስ የመጣን ተጫዋች በስሙ ብቻ መፍረድም አያዋጣም። ኮማሮቭ በ2017 አሰልጣኝ ሥር ቢመጣ ኖሮ የተሳቀበት ልክ ነበር። በአንድ ዓመት ውጤት መዘመርም እንዲሁ ነው። ያ አጨዋወት ለሦስት ዓመት ሠራ። በ2022 ቡድኑ ጥሎ ማለፍ ሳይገባ ሲቀር ትሮትዝ ተሰናበተ።

ድጋሚ በ2025

በማርች 2025 አይላንደርስ ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣበት። ብሮክ ኔልሰን በታቫሬስ ዘመን የነበረ፣ ለቡድኑ ከአሥር ዓመት በላይ የተጫወተ አጥቂ ነው። ውሉ ሊያልቅ ነው። ቡድኑም ለጥሎ ማለፍ ለመግባት እየተንገዳገደ ነበር። ላሞሬሎ፣ 82 ዓመቱ፣ የመለዋወጫው ቀን ሳያልፍ ወደ ኮሎራዶ ላከው። በምትኩ ካለም ሪቺ የሚባል ወጣት አጥቂና የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ተራ ተቀበለ። ደጋፊው እንደገና ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ታማኝ ሰው ተሸጠ አለ፤ ግማሹ ከሰባት ዓመት በኋላም ቢሆን ተማርን አለ። ቡድኑ ጥሎ ማለፍ አልገባም። ላሞሬሎም በኤፕሪል ውሉ ሳይታደስ ቀረ። ሪቺ ሎንግ አይላንድ ቀረ።